መድኃኒቱ በነፃ፣ መንገዱ በዋጋ፦ ጤና፣ ቴክኖሎጂና ድጋፍ ከአራዳ ሲታዩ

የሕክምና መሣሪያ በተራቀቀ ቁጥር ችግረኛው ሕመምተኛም አብሮ ይጠቀማል የሚለው እምነት በብዙ ሰው ዘንድ የጸና ቢሆንም፣ ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት በአዲስ አበባ የተደረጉ ጥናቶች ነገሩ ጠለቅ ብሎ መታየት እንደሚገባው ያስረዳሉ። ጥናቶቹ በአንድነት ሲነበቡ የሚሰጡት ትምህርት፣ አንድ አዲስ ዘዴ ለድሃው የሚኖረው ዋጋ በውስጡ ባለው ጥበብ ሳይሆን ከድሃው ላይ በሚያቃልለው ድካም መለካት እንዳለበት ነው፤ ድካም ሲባልም ለምልልስ የሚጠፋው ሰዓት፣ ለታክሲ የሚወጣው ብር፣ ከሥራ በመቅረት የሚታጣው የቀን ገቢና በሰው ፊት መታየት የሚያስከትለው መሸማቀቅ ነው። ይህ ጽሑፍ የሳንባ ነቀርሳን፣ የጎዳና ኑሮንና የከተማ ሴፍቲኔትን በተመለከቱ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ ይህንኑ አሳብ ያብራራል፤ ጥናቶቹ የተደረጉት በመላዋ አዲስ አበባ ቢሆንም፣ ትርጉማቸው ይበልጥ የሚገለጠው በአሮጌው የከተማዋ እምብርት፣ በአራዳና በፒያሳ ኑሮ ላይ ሲታዩ ነው።

በሕዝብ ጤና ትምህርት ተጋላጭ የሚባለው ሰው የግድ የታመመ ወይም የግድ የደኸየ ማለት አይደለም፤ ክፉ ቀን ሲመጣበት የሚደገፍበት ቅሪት የሌለው፣ ሕመሙ ሥራውን፣ ሥራ ማጣቱ ቤት ኪራዩን፣ ቤት ማጣቱ ደግሞ መልሶ ጤናውን የሚነጥቀው ሰው ነው። ባንኩ፣ ወርቅ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱና ዩኒቨርሲቲው በሚገኙበት በአራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በደጃች ውቤ ሠፈር፣ በዶሮ ማነቂያ፣ በሠራተኛ ሠፈርና በእሪ በከንቱ፣ ግድግዳ ተጋርተው በተሠሩ የቀበሌ ቤቶች ብዙ ቤተሰብ ለዘመናት ኖሯል፤ በሱቆቹ በረንዳ ሥርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ደግሞ ሌሊቱን የሚያሳልፉ አሉ። ሀብትና ችግር እንዲህ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ በሚኖሩበት ስፍራ፣ አገልግሎቱ ቅርብ ሆኖ ሳለ ሰው ለምን እንደማያገኘው መጠየቅ ይቻላል፤ በሩቅ ገጠር ርቀቱ ራሱ መልስ ስለሚሆን ጥያቄው በዚህ መልኩ አይነሣም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መትቶ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሲሰይመው፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው እንደነበር ይታወቃል። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ ወረርሽኝ ያሰባሰቡት ማስረጃ፣ በዋና ከተማዋ የሞተው ሰው ወደ 10,000 ይጠጋ እንደነበር ይጠቁማል። በዚያን ዘመን ለኢንፍሉዌንዛ የሚሰጥ ፍቱን መድኃኒት በአውሮፓም ስላልነበረ፣ ባለጸጋውን ከድሃው የለየው መድኃኒት ሳይሆን አስታማሚ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ በወደቀበት ጎጆ ውኃ የሚያቀብልና እሳት የሚያነድ ሰው ከጠፋ፣ ከበሽታው ሊተርፍ ይችል የነበረው ሰው በጥምና በረኃብ ይሞታል። ከዚያ ዘመን ትዝታ ኅዳር 12 ቀን የሚደረገው የቆሻሻ ማቃጠል ጎልቶ ሲቀር የአስታማሚው ነገር መደብዘዙ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከመቶ ዓመት በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ደጋግመው የሚመለሱት ወደዚያው፣ ከበሽተኛው አጠገብ ወዳለው ሰው ነው።

የሳንባ ነቀርሳ፣ በተለምዶ ቲቢ የሚባለው፣ በባክቴሪያ የሚመጣና ከሰው ወደ ሰው በአየር የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ጠባብ፣ መስኮት የሌለው፣ ብዙ ሰው አብሮ የሚተኛበት ክፍል ለበሽታው እጅግ የተመቸ ነው። በተለመደው የሕክምና ሥርዓት መሠረት ታካሚው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል የተባሉትን አራት መድኃኒቶች፣ በቀጣዮቹ አራት ወራት ደግሞ ከእነዚህ ሁለቱን በየቀኑ ይወስዳል። አስቸጋሪው ነገር የሕክምናው ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ክኒኑ በተጀመረ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሳሉ ይቀንሳል፣ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ሰውዬው የምግብ ፍላጎቱ ይመለስለታል፣ ስለዚህም «ድኛለሁ» ብሎ ሊያቋርጥ ይችላል። ሲያቋርጥ ከሞት የተረፉት ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያም ሊፈጠር ይችላል፤ ያ ዝርያ ደግሞ ለማከም እጅግ የሚከብድ፣ ወደ ቤተሰብና ወደ ጎረቤት የሚሻገር ነው።

ይህን አደጋ ለመከላከል በዓለም ዙሪያ የተስፋፋውና በኢትዮጵያም ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአርሲና በባሌ ተሞክሮ ወደ ሌላው አገር የተዳረሰው ዘዴ «ዶትስ» ይባላል፤ ታካሚው በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየመጣ በጤና ባለሙያ ዓይን ሥር ክኒኑን የሚውጥበት አሠራር ነው። ዘዴው ብዙ ሕይወት አድኗል። መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ነገር ግን ለምሳሌ በፒያሳ አትክልት ተራ ጭነት እያወረደ ይተዳደር የነበረ የቀን ሠራተኛ ቢታሰብ፣ አትክልት የጫኑት መኪናዎች ሌሊትና ማለዳ የሚገቡ በመሆናቸው የሰውዬው ዋና የገቢ ሰዓት ጠዋት ነው፤ ጤና ጣቢያውም የሚከፈተው ጠዋት ነው። ክኒኑን ለመዋጥ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥም፣ ለዚያች ደቂቃ ሲል ወረፋውን ለሌላ ተሸካሚ መተው አለበት፤ ተመልሶ ሲመጣ መኪናው ተራግፎ ያገኘዋል። በቲቢ ክፍሉ በር ላይ ተሰልፎ የሚያውቀው ሰው ካየው ወሬው ወደ አከራዩ ሊደርስ ይችላል፣ አከራዩም «ልጆች አሉኝ» ብሎ ቤቱን እንዲለቅ ሊጠይቀው ይችላል። ገበያው ራሱ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ከአራዳ ርቆ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር፣ ሥራውን ተከትሎ መሄድና ሕክምናው በተጀመረበት ጤና ጣቢያ በየቀኑ መገኘት ጨርሶ የማይታረቁ ነገሮች ሆነዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «መድኃኒቱን አቋረጠ» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክለኛው አነጋገር ግን ሥርዓቱ ከመድኃኒቱና ከእንጀራው አንዱን እንዲመርጥ አስገድዶታል የሚለው ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው የመድኃኒት ልማትና የሕክምና ሙከራ ማዕከል፣ በዶክተር ፀጋሁን ማንያዘዋል መሪነት፣ ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱን ጨምሮ ከአገር ውስጥና ከውጭ ባልደረቦች ጋር ያካሄደው ጥናት የተነሣው ከዚህ ችግር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ማገባደጃ እስከ 2013 ዓ.ም. ማገባደጃ በአዲስ አበባ 10 ጤና ተቋማት ውስጥ 114 የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች በዕጣ በሁለት ቡድን ተመደቡ። በዕጣ መመደብ የሚያስፈልገው፣ ምርጫው ለነርሷ ቢተው ታዛዥና ትጉህ መስሎ የታያትን ሰው ለአዲሱ ዘዴ ልትመርጥ ስለምትችልና በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት የዘዴው ይሁን የሰዎቹ ጠባይ መለየት ስለማይቻል ነው። አንደኛው ቡድን በተለመደው ሥርዓት ክኒኑን በባለሙያ ፊት መውሰዱን ሲቀጥል፣ ሌላው የ15 ቀን መድኃኒት በአንድ ሣጥን ውስጥ ተደርጎለት ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተደረገ።

ሣጥኑ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው የሚይዝ፣ በውስጡ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ክፍልና ባትሪ ያለው መያዣ ነው። ክኒን የመዋጫው ሰዓት ሲደርስ በድምፅና በመብራት ያስታውሳል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል። ታካሚው በ15ኛው ቀን መድኃኒት ሊቀበል ሲመጣ ባለሙያው መዝገቡን ከሣጥኑ ላይ አንብቦ በየትኛው ቀን እንደተከፈተና በየትኛው እንዳልተከፈተ ከታካሚው ጋር ይነጋገርበታል። ክዳን መክፈት ክኒን መዋጥ እንዳልሆነ ግልጽ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱ በእርግጥ በሰውነት ውስጥ ማለፉን የሚያሳይ የሽንት ምርመራም አክለዋል። ይህ ጥንቃቄ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ መሣሪያ ያስመዘገበውን ቁጥር እንደ እውነት ወስዶ ሪፖርት የሚያቀርብ ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ በበዛበት ዘመን፣ ቁጥሩን በሌላ ምስክር መፈተሽ የሳይንስ ሰው ግዴታ ነውና።

በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ በሁለቱ የመጀመሪያ ወራት መድኃኒትን በታዘዘው መሠረት የመውሰድ መጠን በሣጥኑ ቡድን 99.01 በመቶ፣ በየዕለቱ ክትትል ቡድን ደግሞ 98.97 በመቶ ነበር፤ በሌላ አነጋገር ልዩነት አልነበረም። ሙከራው የታቀደው ሣጥኑ ይበልጣል የሚለውን ለመፈተሽ በመሆኑ፣ ላይ ላዩን ያነበበ ሰው «አዲሱ መሣሪያ ምንም አልጨመረም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እንዲህ ያለው ንባብ ግን የነገሩን ፍሬ ይስታል። በየቀኑ ይደረግ የነበረው ምልልስ በሁለት ወር ውስጥ ወደ አራት ያህል ጉዞ ሲወርድ መድኃኒት የመውሰዱ ነገር ካልተጓደለ፣ የቀረው ምልልስ ሁሉ ሳያስፈልግ በታካሚው ላይ የተጫነ ነበር ማለት ነው። በጥናቱም ሣጥን የተሰጣቸው ታካሚዎች የኑሮ ሁኔታ ነጥብ የተሻለ ሆኖ፣ በሕክምናው ሳቢያ ቤተሰብን የሚያናጋው ወጪም ቀንሶ ተገኝቷል። የአትክልት ተራው ተሸካሚ ጉዳይ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሣጥኑ የሰጠው ትልቁ ነገር ክትትል ሳይሆን ጠዋቱን መመለሱ ነው። ጠዋቱ የእንጀራው ሰዓት ነውና።

ይህም ሲባል 114 ሰው ጥቂት መሆኑና ጥናቱ የተከታተለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ በ78 ጤና ተቋማት የተካሄደ ሌላ ሰፊ ጥናት፣ ሣጥኑንና በክኒኑ ማሸጊያ ላይ የሚለጠፍ፣ ታካሚው ኮዱን በስልክ መልእክት የሚልክበት መለያ ከተለመደው ሕክምና ጋር አነጻጽሯል፤ በዚህም ጥናት ዘዴዎቹ መጥፎ የሕክምና ፍጻሜን እንደቀነሱ አልታየም። ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ቢመስሉም አይጋጩም። መሣሪያው ሰውን ይበልጥ አያድንም፤ የሚድነውን ሰው ግን በአነስተኛ ዋጋ እንዲድን ሊያደርገው ይችላል። ለድሃ አገር ፖሊሲ ይህ ልዩነት መሠረታዊ ነው፤ መሣሪያው «ይበልጥ ይፈውሳል» በሚል ተስፋ ከተገዛ ገንዘቡ ባክኗል፣ የሰውን ክትትል ጨርሶ ይተካል ተብሎ ከተገዛም ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፣ የታካሚውን ምልልስ ለመቀነስ ታስቦ ከተገዛ ግን ዋጋውን ይመልሳል።

ሣጥኑ የማይደርስበትም ሰው አለ። መድኃኒት ለ15 ቀን ተሰጥቶት የሚሄድ ሰው የሚያስቀምጥበት ቤት፣ የማይሰረቅበት ጥግ፣ ቀኑን ከቀን ለይቶ የሚያውቅበት አእምሮ ያስፈልገዋል። በፒያሳና በአካባቢዋ በረንዳ ላይ የሚያድሩት ሰዎች ከእነዚህ የብዙዎቹ ባለቤቶች አይደሉም። ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባ በአንድ በተወሰነ አካባቢ ጎዳና ላይ የሚኖሩ 217 ሰዎችን መርምሮ፣ ከ10 ሰዎች 9 ያህሉ የአእምሮ ወይም ከአልኮል ጋር የተያያዘ የጤና እክል እንዳለባቸው፣ 41 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሳይኮሲስ የተባለው፣ ማለትም እውኑን ከቅዠት መለየት የሚያሳጣው ከባድ ሕመም ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል። ሳይኮሲስ ከነበረባቸው መካከል በዕድሜያቸው አንዴ እንኳ ሕክምና ያገኙት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምግብን፣ መጠለያንና ሕክምናን ጨምሮ በአብዛኛው የኑሮ ዘርፍ ከ80 እስከ 100 በመቶ የሚሆኑት ፍላጎታቸው ያልተሟላ እንደሆነ ተናግረዋል።

እነዚህ ቁጥሮች በዝምታ ሊታለፉ የማይገባቸው ናቸው። በቸልታ «እብድ» እየተባለ የሚታለፈው ሰው ሊታከም የሚችል በሽታ ያለበት ሰው ነው፤ ለሳይኮሲስ የሚሰጡት መድኃኒቶች ለብዙ አሥርተ ዓመታት በዓለም የታወቁ፣ ከፊሎቹም ርካሽ ናቸው። ዕንቅፋቱ ሌላ ነው። የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቷል፤ ከፒያሳ ብዙም የማይርቀው ይህ ሆስፒታል ለጎዳናው ሰው ግን ሩቅ ነው፤ ይዞት የሚሄድ፣ ካርድ የሚያወጣለት፣ ቀጠሮውን የሚያስታውስለት ዘመድ የለውምና። ጥናቱ የተሳካውም ባለሙያዎች ሰዎቹ ወደሚኖሩበት ጎዳና ሄደው በመመርመራቸው ነው። ለምርምር ወደ ጎዳና መውጣት ከተቻለ ለሕክምናም መውጣት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

መንግሥት በከተሞች ያሠማራው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚህ ሊያገለግል የሚችል ትልቅ ሀብት ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የከተማ ፕሮግራም ነርሶችን ቤት ለቤት እየተዘዋወሩ ጤናን እንዲያስተምሩና እንዲከታተሉ ያደረገ ሲሆን፣ ቆይቶ በአዲስ አበባ የቤተሰብ ጤና ቡድን የተባለው አደረጃጀት ሲመጣ፣ ሐኪምን ወይም ጤና መኮንንን፣ ነርስንና የኤክስቴንሽን ባለሙያን ያካተተ ቡድን አባወራዎችን በኑሮ ደረጃቸውና በጤና ፍላጎታቸው ለይቶ ቅድሚያ ለሚያስፈልጋቸው እንዲደርስ ታስቧል። አሳቡ መልካም ነው፤ በአልጋ የዋሉ አረጋውያን በዚህ መንገድ የደም ግፊታቸውን ቤታቸው ሆነው የሚለኩበት ዕድል አግኝተዋል። ነገር ግን ቤት ለቤት የሚዞር አገልግሎት ቤት የሌለውን አያገኝም፤ በቤት ቁጥር የተደራጀ መዝገብም፣ ወረቀት ይሁን ታብሌት፣ በረንዳ ላይ ለሚያድር ሰው ገጽ የለውም። የከተማው ጤና ቢሮ ጎዳናውን ራሱን እንደ አንድ ሰፈር ቆጥሮ ባለሙያ ቢመድብለት፣ ከብዙ መሣሪያ ግዢ የበለጠ ፍሬ ይገኝበታል።

ከሕክምናው ባሻገር ያለው ድጋፍ ደግሞ በተለየ ጥራት ተጠንቷል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት 604,000 ሰዎችን ለመርዳት የታቀደ ሲሆን፣ ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶ ያህሉ በአካባቢ ጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው ሥራ ተሰማርተው ክፍያ እንዲያገኙ፣ ቀሪዎቹ 16 በመቶ ደግሞ ማለትም መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የጸና ሕመም ያለባቸው ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ተደርጎ ተነደፈ። በአዲስ አበባ ገንዘቡ ለሁሉም ወረዳ በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ የትኛው ወረዳ ቀድሞ እንደሚጀምር በይፋ ዕጣ ተወሰነ። ዕጣው ፍትሐዊ ከመሆኑም በላይ ለተመራማሪዎች ከባድ ጥያቄ የሚመለስበትን በር ከፈተ፤ በዕጣ የቀደሙትንና የዘገዩትን ወረዳዎች በማነጻጸር የፕሮግራሙን ውጤት ከሌላ ምክንያት መለየት ተቻለ።

ሳይመን ፍራንክሊን፣ ክሌመን ኤምበር፣ ግሩም አበበና ካሮሊና ሜሂያ-ማንቲያ ያደረጉትና በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ፕሮግራሙ በመላው ከተማ ሲዳረስ በግሉ ዘርፍ ያለው የጉልበት ክፍያ 18.6 በመቶ እንደጨመረ አስልቷል። ምክንያቱ ሲብራራ፣ በየሠፈሩ የሴፍቲኔት ሥራ ያገኙ ሰዎች ከቀን ሥራው ገበያ በከፊል ስለወጡ፣ አሠሪው ለቀሩት የተሻለ ለመክፈል ተገደደ። ስለዚህ በመዝገቡ ስሙ የሌለ የቀን ሠራተኛ ጭምር ተጠቀመ። የጥናቱ ስሌት እንደሚያሳየው፣ ይህና የሠፈሮቹ ጽዳት መሻሻል ሲታከሉ ድሃው ያገኘው ጥቅም ቀጥተኛው ክፍያ ብቻ ከሚታሰብበት ስድስት እጥፍ ይሆናል። «ለድሃ ገንዘብ መስጠት ስንፍናን ያስተምራል» የሚለው የተለመደ አነጋገር በዚህ ማስረጃ ፊት አይቆምም። ወደ ቲቢው ጉዳይ ሲመለስም ትርጉሙ ቅርብ ነው፤ የቀን ገቢው ትንሽ ከፍ ያለ ሰው ጤና ጣቢያ በሚሄድበት ጠዋት የሚያጣውን ገቢ ሊቋቋም ይችላል።

ድጋፉና ሕክምናው ለማን እንደሚደርስ በመለየት በኩል አሁን ያለው ትልቁ ለውጥ የመታወቂያ ለውጥ ነው። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የፋይዳ ቁጥር ከባንክና ከመንግሥት አገልግሎቶች ጋር እየተያያዘ መጥቷል። የቤተሰብ ማስረጃ አጥቶ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ሲንከራተት ለኖረ የጎዳና ልጅ፣ በጣት አሻራውና በዓይኑ የሚታወቅበት መንገድ መገኘቱ እውነተኛ ተስፋ ነው። ይሁንና የህንድ ልምድ ሊዘነጋ አይገባም፤ በጃርካንድ ግዛት የእህል ራሽን አድሃር በተባለው የአገሪቱ ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራ ማረጋገጫ እንዲሰጥ ሲደረግ የተካሄደ ጥናት፣ አሠራሩ የሚገባቸውን አንዳንድ ችግረኞች እንዳስቀረ አረጋግጧል። ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ኮብልስቶን ሲያነጥፍ፣ ልብስ ሲያጥብ የኖረ እጅ አሻራው ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ ማሽኑ «አላወቅሁም» በሚልበት ጊዜ የሚያውቀው ሰው ከማሽኑ አጠገብ መኖር አለበት።

ይህ ሁሉ በአራዳ የሚፈተንበት ጊዜ ደርሷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ከተመረቀ ወዲህ በተካሄደው የኮሪደር ልማትና መልሶ ማልማት፣ በአሮጌ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ከፒያሳና ከአካባቢዋ ወደ አራብሳ፣ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳር ሠፈሮች ተዛውረዋል። የተሻለ ግድግዳና የራስ መጸዳጃ ማግኘት ለጤና የሚሰጠው ጥቅም አይካድም። ነገር ግን በቲቢ ሕክምናው ሦስተኛ ወር ላይ ያለ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የሚወስድ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ክትትል ያለው ሰው ከሚያውቀው ጤና ጣቢያ ሲርቅ፣ ካርዱ፣ መዝገቡና የሚያውቁት ባለሙያዎች እዚያው ፒያሳ ይቀራሉ። አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት ወይዘሮን በየጠዋቱ «እማማ እንዴት አደሩ» እያለች ክኒናቸውን ታቀብል የነበረች ጎረቤት ሌላ ሠፈር ዕጣ ደርሷት ሄዳለች፤ ዕድሩም ተበትኗል። በ1911 ዓ.ም. የታየው የአስታማሚ እጦት በሌላ መልክ ሊመለስ የሚችልበት ቀዳዳ ይህ ነው።

የጤና መረጃን በኮምፒውተር ለማደራጀት በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የተደከመው፣ ለኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ታብሌት የታደለው ለእንደዚህ ያለው ቀን ነውና፣ ሥርዓቱ ሠርቷል ሊባል የሚችለው የሰውዬው መዝገብ ከሰውዬው ቀድሞ አዲሱ ጤና ጣቢያ ደርሶ ሲጠብቀው ነው። ስለዚህም ከቤት ዝውውር ጋር የሚሠሩ ወረዳዎች የዕቃ መጫኛ መኪና ከማዘጋጀታቸው በፊት የጸና ሕመም ያለባቸውን፣ ለብቻቸው የሚኖሩትን አረጋውያንና በሕክምና ላይ ያሉትን ከጤና ጣቢያው ጋር ለይተው፣ ተቀባዩን ባለሙያ በስልክ አገናኝተው ሊያስረክቡ ይገባል። በአንድ ዕድር የነበሩ አረጋውያንም በተቻለ መጠን በአንድ ሕንፃ እንዲመደቡ ቢደረግ ወጪው ኢምንት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ተመራማሪዎችም በእንግሊዝኛ መጽሔት ካሳተሙ በኋላ ሥራቸው እንዳላለቀ ሊያውቁት ይገባል፤ ጊዜያቸውን ሰጥተው ለተጠየቁት፣ ሽንታቸውንና አክታቸውን ለሰጡት ሰዎች ውጤቱ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ በዕድር ስብሰባና በጤና ጣቢያ ቅጥር ግቢ ሊነገራቸው ይገባል።

አንባቢም ድርሻ አለው። በሠፈሩ ወይም በሚያልፍበት በረንዳ ላይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው፣ ሌሊት የሚያልበውና ክብደቱ የሚቀንስ ሰው ካለ፣ አብሮት እስከ ጤና ጣቢያው ይሂድ። የአክታ ምርመራውም ሆነ የቲቢ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል።